ጁምዓ ያስቀረው ግማሽ

አሶሳ ውስጥ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ሃምሳ አለቃ ጁምዓ የሚባል ዘበኛ አለ። ተማሪዎቹ ስሙን ትተው "ዩኤን" ነው የሚሉት። ይገባዋል። ሁለቱ ሱዳኖች የሚጣሉባት አብዬ ድረስ ሄዶ በሰላም አስከባሪነት ሁለት ዙር ያገለገለ ሰው ነው፤ ይህንንም ለማያውቅ ሰው ሳይነግር የዋለበት ቀን የለም። ለርእሰ መምህሩ ነግሯል፣ ዳቦ ለምታመላልሰው ሴትዮ ነግሯል፣ የውኃ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣው ሰውዬ ሳይቀር ነግሯል። ቆቡ ከመታጠብ ብዛት ነጥቶ፣ ሰማያዊ ነበር ብሎ ካልተናገረ በቀር ማንም አያውቅም፤ እሱ ደግሞ ይናገራል።

ስለ አሠራሩ ልንገራችሁና ፍረዱ። ሁለት ተማሪዎች በር ላይ ከተደባደቡ ጁምዓ አይማታም፣ አይሳደብም፣ ቢሮ ወስዶም አይከስም። እጆቹን ዘርግቶ መሃላቸው ይገባና "ሁለት ሜትር" ይላል። ሁለት ሜትር ሲራራቁ አንድ አግዳሚ ላይ፣ አንዱን ከዚህ ጫፍ ሌላውን ከዚያ ጫፍ ያስቀምጣቸዋል። መሃላቸው ራሱ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። አንዳቸው ስለ ጠቡ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ኳስም ይሁን ስለ ፈተና፣ ለሌላው አፍ አውጥቶ እስኪናገር ድረስ ማንም አይነሳም። አንድ ጊዜ ሁለት የአስራ አንደኛ ክፍል ጎረምሶች ሦስት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተቀምጠው አልፏቸዋል። በመጨረሻ አንደኛው ለሌላው "ኧረ ሽንቴ መጣ" አለው። ጁምዓ እሱንም እንደ ንግግር ቆጥሮ ለቀቃቸው።

የሆሞሻ ሰው ነው፣ ብሔሩ በርታ። አማርኛን የለመደው ወታደር ቤት ስለሆነ ለወንድም ለሴትም "አንተ" ነው የሚለው፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን "ና" ይላታል፣ እሷም ለምዳው ትመጣለች። ዐረብኛውን ግን በልጅነቱ ከድንበር ገበያ ከነጋዴ አፍ ለቅሞት፣ እንደ ውኃ ነው የሚያወርደው። አብዬ ላይም አስተርጓሚ ያደረገው ይኸው ዐረብኛ ነው። ጠመንጃ ከመተኮስ ይልቅ የሰው ነገር ከአንድ አፍ ወደ ሌላ ጆሮ ሲያደርስ ነው ሁለቱንም ዙር የጨረሰው።

ታዲያ በግንቦት መግቢያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲነካካ፣ የዜግነት ትምህርት መምህሩ ወንድምአገኝ ለአስረኛ ክፍል የቤት ሥራ ሰጠ። "ጦርነት እንዴት ያበቃል? ዓለም አቀፍ ሰላም አስከባሪስ ምን ይሠራል? የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ሁለት ገጽ ጻፉ" አለ። የሚያውቅ ሰው በር ላይ ተቀምጦ የለ እንዴ። ክፍሉ በሙሉ ጁምዓን ከበበው። እሱም አወራ፣ እነሱም ጻፉ፣ ደወል ሲደወል ተበተኑ። በማግስቱ ተመልሳ የመጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ስሟ ኢልሊ ነው።

ኢልሊ ከመተከል፣ ከድባጤ ነው የመጣችው። መጣች ከማለት ተሰዳ ደረሰች ማለት ይሻላል። ከአራት ዓመት በፊት ታጣቂዎች ቀበሌያቸውን ሲያቃጥሉ አባቷ ዋቅሹማ እሷንና ሁለት ታናናሾቿን ይዞ በእግሩ ወጣ፤ እናታቸው ቀድማ ያረፈች ናት። አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ኋላ ቀርቶ እዚያው ተገደለ። አሁን ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ገበሬው ዋቅሹማም የሰው ጆንያ ይሸከማል። ልጅቷ ዝምተኛ ናት፣ ስትጠይቅ ግን መርፌ ናት።

ጁምዓ ወደዳት። ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይህ ነው። የራሱ ልጆች የአብዬን ነገር ሲጀምር አንድ በአንድ ሹልክ ይሉበታል፤ ይህቺ ልጅ ግን ዳቦዋን በእጇ ይዛ፣ መብላቱን ረስታ ትሰማዋለች። በየምሳ ሰዓቱ መሬቱን በእንጨት እየጫረ አስተማራት። እዚህ ጋ ዲንካዎቹ፣ እዚህ ጋ ሚሴሪያዎቹ፣ ይህ ገበያው፣ ይህ የእኛ ድንኳን። ከብት ጠፋ ሲባል ዱካውን ተከትለው እንዴት እንደሚሄዱ፣ የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች አንድ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ሁሉን ነገራት።

"ጋሼ፣ ግን ጦርነቱ ማለቁ በምን ይታወቃል?" አለችው አንድ ቀን።

ጁምዓ ደረቱን ነፋ አደረገ። "ቀላል ነው። ይፈረማል። ጠመንጃ ይሰበሰባል። ሰማያዊ ቆብ መሃል ይገባል። ኸላስ፣ አለቀ።"

ኢልሊ ጻፈችው። "ኸላስ" የምትለዋን ሳይቀር ጻፈቻት።

ረቡዕ ዕለት ስትመጣ ዳቦም አልያዘች፣ ደብተርም አልያዘች። ከአግዳሚው ዳር ቁጭ አለችና "ጋሼ፣ ልሰናበትዎት ነው የመጣሁት" አለችው። "ቅዳሜ ወደ ድባጤ እንመለሳለን። በጉባ በኩል አድርጎ ወደ መተከል የሚያልፍ አይሱዙ አለ፤ አባቴ ከሾፌሩ ጋር ተነጋግሯል።"

"ማን አለ ተመለሱ?"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "አባቴ ማንበብ አይችልም። ሰው ሁሉ የየራሱን ሲነግረው 'ትምህርት ቤት ምን ይላል?' ነው የሚለው። የቤት ሥራዬን አነበብኩለት። ከዚያ በጣቱ ቆጠረ። እኛ ጋ ተፈርሟል፣ ታጣቂዎቹ ጠመንጃም ሰጥተዋል፣ መከላከያም ገብቷል። እንግዲያው አልቋል ማለት ነው አለ። የዘር ጊዜው ሳያልፍ ልድረስ አለ። እርስዎ የነገሩኝን ነው ያነበብኩለት፣ ጋሼ።"

ደወሉ ተደወለ፣ ኢልሊም ሄደች። ጁምዓ ግን በሩን መዝጋት ረስቶ ቆሞ ቀረ፤ ሁለት ፍየሎች ገብተው የመምህራኑን ጎመን ሲበሉ እንኳ አላያቸውም።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ብኸይታ ገንፎውን አቅርባለት አንድ ሁለቴ ጎርሶ ተወው። "አሞሃል?" አለችው። "አላመመኝም" አለ። አላመመውም፤ የፈራው ነገር ነው የመጣበት። ከአብዬ ወሬ ሁሉ አንዲት አለች፣ ለርእሰ መምህሩም፣ ለዳቦዋ ሴትዮም፣ ለራሷ ለብኸይታም ነግሯት የማያውቅ።

አብዬ ገበያ ዳር አንዲት ሻይ ሻጭ ነበረች። ከመንደሯ ተፈናቅላ ሦስት ልጆች ይዛ የመጣች፣ ለጁምዓ ስኳር እየጨመረች በዐረብኛው የምትስቅበት ደግ ሴት። ስምምነት ተፈረመ በተባለ ሳምንት ወደ አዛዡ ወደ ሻምበል ሙሉጌታ መጣችና "ወደ ቤቴ ልግባ ወይ?" ብላ ጠየቀች። ሻምበሉ ረጋ ብሎ መለሰ፦ "መንገዱ እስከ ድልድዩ ክፍት ነው፣ እስከዚያ እኛ እንቃኛለን። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ግን አናውቅም፣ ትንሽ ትቆይ በላት።" ጁምዓም ወደ ዐረብኛ መለሰው። "መንገዱ ክፍት ነው" አላት። የሴትዮዋ ፊት ቦግ ሲል አየና ቀሪውን መጨመር ከበደው። ስትስቅ ማየት ወዶ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ሻይ ስጠጣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አለ። በማግስቱ ጠዋት ሲሄድ ምድጃዋ ቀዝቅዟል፣ አህያዋም የለችም።

ደርሳ ይሆናል። ላትደርስም ትችላለች። ጁምዓ እስከ ዛሬ አያውቅም። የሚያውቀው ከድልድዩ ወዲያ በዚያ ሳምንት ተኩስ እንደነበረ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ኢልሊን ከሰልፍ ላይ ጠርቶ አስወጣት። "አንተ ልጅ፣ ና" አላት። "የነገርኩህ ግማሹን ነው። ግማሹን ደበቅኩህ።" ከዚያ የሻይ ሻጯን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወራላት። ሲያወራ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ኢልሊ ያለ ቆብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፣ መሃል አናቱ ላይ ራሰ በራ መሆኑንም ያኔ ነው ያወቀችው።

"ታዲያ ሌላው ግማሽ ምንድን ነው?" አለችው።

"ወረቀቱን የሚፈርሙት ትልልቆቹ ናቸው። መንገድ ላይ ያለው ሰውዬ አልፈረመም። ጎረቤት አልፈረመም። ስለዚህ የሚጠየቀው ጎረቤት ነው። አባትህ እዚያ ሰው አለው? ከወዲያኛው ወገን፣ እውነቱን የሚነግረው?"

"ነበረው" አለች ኢልሊ። "ሚቹ ነበረው።"

ሚቹ ማለት በእነሱ አገር ከወዳጅም ያለፈ ነው። ኦሮሞውና ጉሙዙ፣ ሺናሻውና አገው፣ ሁለት ሰዎች ሚቹ ከተባባሉ ቤታቸው አንድ ነው፤ አንዱ ለሌላው መሬት ያካፍላል፣ ከብት ያስቀምጣል፣ ጠብ ቢመጣ ከለላ ይሆናል፣ ነገሩም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የኦሮሞው የዋቅሹማ ሚቹ ጉሙዝ ነው፣ ስሙ ጉዲና። ይህን የኦሮምኛ ስም ያወጣለትም የዋቅሹማ አባት ነው። ቀበሌው ከተቃጠለበት ቀን ጀምሮ ግን ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሃምሳ አለቃው ወደ ገበያው ሰፈር ሄደ። ዋቅሹማ በሩ ላይ ተንበርክኮ የበቆሎ ዘር የያዘ ጆንያ በገመድ ያስር ነበር። ብድግ ብሎ "ሃምሳ አለቃ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ። ልጄ ስለ እርስዎ ነው የምታወራው" አለና በርጩማውን ሰጠው። ጁምዓ ተቀመጠ፣ ውኃ ጠጣ፣ ከዚያም ያቺን ሴትዮ ለሁለተኛ ጊዜ አወራ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የደበቀ ሰው፣ በሁለት ቀን ሁለቴ ተናገራት።

"ልጅህ ያነበበው የእኔ ቃል ነው" አለ። "የእኔ ቃል ደግሞ ጎደሎ ነው። አንተንና ሕፃናቱን በጎደሎ ቃል መንገድ ላይ አላወጣም። ወላሂ ከመኪናው ፊት እተኛለሁ።"

ዋቅሹማ ተቆጣ። ሊቆጣም ይገባዋል። "አራት ክረምት አለፈኝ፣ ሃምሳ አለቃ። አራት ክረምት የሰው ጆንያ ተሸከምኩ። እኔ እኮ እጄ እርፍ የለመደ ነው። እስከ መቼ ልቀመጥ ነው የሚሉኝ?"

"ሚቹህን ጠይቅ።"

ሰውየው ገመዱን ለቀቀው። "ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?" አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ያን ዕለት የት ነበርክ ብዬ? ከእነሱ ጋር ነበርኩ ቢለኝስ? ቤቴ ተቃጥሏል፣ ወንድሜ ሞቷል፤ እሱን ደግሞ በስልክ ልጣው?"

ጁምዓ ጠጋ አለለት፤ በርጩማውንም አካፈለው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንዲት በርጩማ ላይ ግማሽ ግማሽ ጎናቸውን አሳርፈው ቁጭ አሉ። ከቆይታ በኋላ ዋቅሹማ ስልኩን አወጣ። ቁጥሩ አልጠፋውም ነበር፤ በቃሉ ነው የነካካው።

ድምፁን ከፍ አድርጎ መሃላቸው አስቀመጠው። በኦሮምኛ ነው የሚነጋገሩት፤ ጁምዓ ደግሞ ከባምባሲ ገበያ የለቀማት ኦሮምኛ ዋጋ ከመጠየቅ አታልፍም። ኢልሊ አጠገቡ መጥታ ተንበረከከች።

ስልኩ ተነሳ። "ዋቅሹማ?" አለ ከወዲያ የሚሰማው ድምፅ፣ ቁጥሩን አይቶ።

ዋቅሹማ እንደምን አለህ እንኳ አላለም። ቅዳሜ ልመጣ ነው አለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። በዚያኛው በኩል ነፋስ ይሰማል። ከዚያ ጉዲና አንድ አጭር ቃል ተናገረ፣ የዋቅሹማም ፊት ጠቆረ።

"ምን አለ?" አለ ጁምዓ።

ኢልሊ ወደ አባቷ ዞረች።

"አንተ ልጅ፣ እንዳትቆርጥ። ሙሉውን ንገረኝ።"

"አትምጣ አለው።"

ዋቅሹማ ስልኩን ሊዘጋ እጁን ሲሰድ ጁምዓ አንጓውን ያዘው። "ሰውየው አልጨረሰም" አለው። እውነትም አልጨረሰም። ጉዲና መናገር ጀመረ፣ ቀስ እያለ፣ እየቆመ፣ ኢልሊም ከሥር ከሥሩ አንድ ሳታስቀር ወደ አማርኛ መለሰችው።

"ከተማው ደህና ነው ይላል። ከወንዙ ወዲያ ያለው መንገድ ግን ገና ነው፣ ባለፈው ሳምንት እንኳ ሰው አስቁመው ዘርፈዋል ይላል። ልጆች ይዘህ በዚያ እንዳትመጣ ይላል። መሬትህን አላረስኩትም፣ ለሌላም አላሳረስኩም፣ አጥሬዋለሁ ይላል።"

"ያን ዕለት" አለ ዋቅሹማ፣ እዚያው ላይ ቆመ። መጨረስ አቃተው።

ጉዲና ግን ገባው። አሁን ድምፁ ሌላ ሆነ፤ የኢልሊም ድምፅ አብሮት ተለወጠ፣ እንባዋ እየወረደ ግን አላቆመችም። "የእነሱ ሚቹ ነህ ብለው እኔንም ፈልገውኝ ነበር ይላል። ሁለት ቀን ጫካ ነበርኩ። ሌሊት ወጥቼ ወንድምህን አገኘሁት። ብቻዬን ነው የቀበርኩት፣ አጥልቄ፣ አውሬ እንዳያወጣው ድንጋይ ጭኜበታለሁ። ደውዬ ልነግርህ ፈለግኩ፣ ግን የዘመዶቼን ክፉ ሥራ ይዤ በምን አፌ ላናግርህ አልኩ ይላል።" አፍንጫዋን ጠረገች። "መንገዱ ሲከፈት ራሴ አሶሳ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ ያለ እኔ አትምጣ ይላል።"

መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው፣ እዚያ አገር እንደዚሁ ነው።

ዋቅሹማ ፊቱን በሁለት መዳፉ አበሰና ወደ ጁምዓ ዞረ። "ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ያውቃሉ። እንግዲህ አልቋል ነው የሚባለው ወይስ አላለቀም?"

"ኸላስ" የምትለዋ ቃል ጁምዓ ምላስ ጫፍ ላይ መጣች። ሰውየው እንዴት አድርጎ እንደሚያየው ቢታይ፣ ደስ የሚያሰኝ ነገር ብቻ ተናግሮ መሄድ ለማንም ያምረዋል። ጁምዓ ዋጣት። "በአንተና በእሱ መሃል አልቋል" አለ። "መንገዱ ላይ አላለቀም። ቅዳሜ አትሄድም። ሁለቱንም ያዝ፣ አንዱን እንዳትጥል።"

ዋቅሹማ ራሱን ነቀነቀ። ጆንያውን ጎትቶ ወደ ውስጥ አስገባው፣ ተመልሶ ወጣ፣ ቁጭ አለ፣ ደግሞ ድንገት ብድግ አለ።

"ምነው?" አለ ጁምዓ።

"ሰላም እንኳ አላልኩት" አለ ዋቅሹማ። "አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ እንደምን ከረምክ እንኳ ሳልለው።"

እንደገና ደወለ። አልገባ አለ። ደግሞ ደወለ። በአራተኛው ገባ። አሁን ያለው ወሬ ሌላ ነው፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ያወራሉ፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል፣ የመለሰው መልሶ ይጠይቃል። ኢልሊ መተርጎሙን ትታ ፈገግ ብላ ታዳምጣለች።

"ምን ይላሉ?" አለ ጁምዓ።

"ምንም። ሰላምታ ነው።"

"ሙሉውን ብዬሃለሁ።"

ኢልሊ ሳቀች። "እሺ። አባቴ ሚስትህስ አለው። ደህና ናት አለ። ትልቁ ልጅህስ አለው። አግብቷል አለ። እናትህስ አለው። ዓይኗ ደክሟል፣ ስምህን ግን ትጠራለች አለ። ንቦቹስ አለው። ሦስት ቀፎ ቀርተዋል አለ። ደግሞ አሁን ጉዲና በተራው እየጠየቀ ነው። የአንተ ትንንሾቹስ አለ። አድገዋል አለው። ኢልሊስ …" ብላ ቆመች።

"ኢልሊስ ምን?"

"ኢልሊስ ደህና ናት ወይ አለ። እኔን ነው የሚጠይቀው።"

ዋቅሹማ ስልኩን ወደ ልጁ ዘረጋ። ልጅቷ ግን እጇ አልሄድ ብሎ ጁምዓን ታየዋለች።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?" አላት ጁምዓ። "ተቀበለውና መልስለት።"